ግንቡ የፈረሰ ዕለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የገባሁት ልማር አይደለም። አስተማሪዎቹ ሊመዘገቡ ተሰልፈው ስለነበር፣ እናቶች መጥተን እንድንመዘግባቸው ተጠርተን ነው።

እንዲህ ያለ ሕልም ከየት መጣ ለሚል፣ ልጄ ትርሲት የታሪክ ተማሪ ናት። የምታጠናው የሃያኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን የፖለቲካ ታሪክ ነው። እኔ ፋርማሲ እንድትገባ ተስዬ ነበር፤ ስለቱ መንገድ ላይ ቀረ። «ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ ነው» ብላት፣ «እማዬ፣ የእነዚህ እኮ መስመሩ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ አይነዝሩም» አለችኝ። «ቀዝቃዛው ጦርነት ላይ ደርሰናል» ስትለኝ ወፍራም ሹራብ ላክሁላት። እስካሁን ለጓደኞቿ እያወራች ትስቃለች። ትሳቅ፤ ሹራቡን ግን ለብሳዋለች።

ሰሞኑን ደግሞ ሰዎች መጥተው የግቢያችን ግንብ ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ቀብተው ሄዱ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰውን «ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ለመረጃ ነው እናት» አለኝ። ለመረጃ ተብሎ የተቀባ ቀይ ቀለም ለደግ ሆኖ አላውቅም። ለትርሲት ደወልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ሳይነግሩሽ አያፈርሱም» አለች። እሷ በወቅቱ ስለ በርሊን ግንብ ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነበር። ያኛው ግንብ መፍረሱን እንደ ምሥራች ነው የምታወራው።

እኔ ሲጨንቀኝ ማጠብ ይቀናኛል። ትናንት የመኝታ ቤቴን መጋረጃ አውልቄ አጠብኩና አሰጣሁት። ሳይደርቅ መሸ። ግንብ እያለ መጋረጃ ምን ያደርጋል ብዬ እንዲያው ተኛሁ።

እና በሕልሜ አስተማሪዎቹ ተሰልፈዋል። አንድ ሪዛም ፕሮፌሰር ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ እኔ ወደምመዘግብበት መስኮት ቀረበ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ታሪክ ደረሰኝ። እኔ የፈለግሁት ፋርማሲ ነበር» አለ፣ ዕንባው እየመጣ።

«ነገ ተመለስ።»

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር።»

«እንግዲያው ትናንት ተመለስ። የታሪክ ሰው አይደለህ?»

እንዲህ ስለው ደስ አለኝ። መስኮት ጀርባ መቀመጥ ሰውን እንዴት እንደሚያበላሸው ያኔ ገባኝ።

ወዲያው መስኮቱ አዳራሽ ሆነ። ትርሲት ፈታኝ ሆና መድረኩ ላይ ተቀምጣለች። የሚፈተኑት የአውሮፓ አገሮች ናቸው፤ ሁሉም ነጠላ ለብሰው እንደ እድር ሴቶች ተደርድረዋል። ጀርመን አንድ ወንበር ላይ ለሁለት ተከፍላለች፤ ግራዋ ከቀኟ እንዳይኮርጅ መሐሏ ላይ ግንብ አሠርታለች። ፖላንድ ጎረቤቶቿ ወንበሯን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየጎተቱባት መጻፍ አቅቷታል። አንድ ባለ ሜዳሊያ ጄኔራል ሻይ እያዞረ «መጀመሪያ ያሸነፈው ይነገራል፣ ከዚያ ትመርጣላችሁ» እያለ ይለፍፋል። ሌላው ሁሉ ሲገለበጥ ይሄ እንኳ ተገልብጦ አልታየኝም።

«እማዬ፣ መጋረጃው ይታጠብ ተብሏል» አለች ትርሲት።

«የትኛው?»

«የብረቱ፤ ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓን የሚለየው።»

የብረት መጋረጃ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? በእንዶድ ብለው፣ በበረኪና ብለው ዝገቱ አይለቅም። ጫፉም አይታይም። ከማዶ አንድ ወታደር ጠመንጃውን አስቀምጦ ሌላውን ጫፍ ይጠመዝዝልኛል።

«በርቱ እናት! ጠምዘዝ ያድርጉት!»

«አንተ ለምን አትተኩስብኝም?»

«ጦርነቱ ቀዝቃዛ ነው እኮ። ሹራብ የለዎትም?»

«ለልጄ ልኬዋለሁ።»

«አዬ እናት!» ብሎ ጥርሱን እያፋጨ ጠመዘዘ።

መጋረጃውን ስንገልጠው ከጀርባው የእኔ ግንብ ብቅ አለ። ብሩሽ ይዟል። ፊቱ የተሰለፉትን ኃላፊዎች ግንባራቸው ላይ በቀይ ኤክስ ይቀባቸዋል። ያ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው ሰውዬ ተራው ሲደርስ እግሬ ላይ ወደቀ።

«እትዬ፣ ያማልዱኝ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ለመረጃ ነው» አለው ግንቤ።

«ልታፈርሱኝ ነው! የልጆች አባት ነኝ!»

«አንተ ደግሞ! ሳንነግርህ አናፈርስህም።»

እውነቱን ልናገርና ሳቅሁ። ግንቤም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ልስኑ ረገፈ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ትርሲት ከመድረኩ ተነሥታ «የመጨረሻው ጥያቄ ለእማዬ ነው» አለች። «ከመለስሽ ግንብሽ ይቆማል፤ ካልመለስሽ ይፈርሳል። ግንብ ሲፈርስ ምን ይሆናል?»

አገሮቹ በሙሉ እጃቸውን አወጡ። የጀርመን ግራና ቀኟ እንኳ «እኔ ልንገርሽ! እኔ ልንገርሽ!» እያሉ ይገፋፋሉ።

«ልጄ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ያቆምኩ ሴት ነኝ።»

«ታውቂዋለሽ እማዬ። አውጪው!»

በእርግጥም አውቀው ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የሞተር ጩኸት ሆነ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ባሰበት። አልጋው ተንቀጠቀጠና ነቃሁ።

ጩኸቱ ከአፌ አልነበረም። ክፍሉ በአቧራ ታፍኗል፤ ፀሐይ ገብታ በዚያ ሰዓት ደርሳበት የማታውቀው ትራሴ ላይ ተቀምጣለች። በመስኮቱ ስመለከት ግንቡ የለም። በቦታው ቢጫ ስካቫተር ቆሟል። ከስካቫተሩ ጀርባ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። አልጋዬ ላይ በውስጥ ልብስ ነኝ። መጋረጃዬ ገመድ ላይ ነው።

ባለ ሰደርያው ሰውዬ አንገቱን ሰገግ አድርጎ «ደህና አደሩ እናት?» አለኝ።

ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ሳብኩ። «ሳትነግሩኝ?»

«ማስታወቂያ ለጥፈናል እኮ!»

«የት?»

«ግንቡ ላይ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ስልኬ ጮኸ። ትርሲት ናት።

«እማዬ! ውጤት ወጣ! ኤ አገኘሁ!»

«እሰይ ልጄ። በግንቡ ነው?»

«በግንቡ ነዋ! ሲፈርስ ሰዉ እየጨፈረ ወጣ፣ ተለያይቶ የኖረው ሕዝብ ፊት ለፊት ተያየ ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪው ወደደው። ምንድን ነው የሚጮኸው?»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት እጇን አውለበለበችልኝ። ምን አደርጋለሁ፣ እኔም አውለበለብኩላት።

«ልክ ነሽ የእኔ ልጅ፤ ተያይተናል» አልኳት። «አሁን ያንን ሹራብ መልሰሽ ላኪልኝ፤ ብርዱ ገብቷል።»