ሊቀ ጉበት ፈንታሁን

ውሃ ስትለምነው የምንጩን ታሪክ የሚተርክልህ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለእኛ ለደብረ ታቦሮች የደረሰን የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ፈንታሁን ነው። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አይዘልም፤ እኛ ግን «ሊቀ ጉበት» የሚል ማዕረግ ሰጥተን አንቱ እንላቸዋለን።

ራስህን አሞህ ብትገባ ራስህን አያዩም። «መጀመሪያ ምን በላህ?» ይላሉ። አንድ ባለ ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ኪኒን ሊገዛ ገብቶ ስለ ጉበት ተምሮ ሲወጣ፣ ተሳፋሪዎቹ በእግራቸው ሄደው ነበር።

ትምህርቱን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። የጉበት ሕዋስ ግድግዳው እንደ ጭቃ ምርግ ነው፤ ፕሮቲን ጭዱ ነው። መድኃኒት የሚፈጩት ሠራተኞች የሚሰፍሩት እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ጭዱ ሲያንስ ግድግዳው ይሳሳል፣ ሠራተኞቹም ይመናመናሉ። ያኔ የዛሬው ኪኒን ሳይፈጭ የነገው ይደረብበታል።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ገነት እናቷን እማማ እቴነሽን ደግፋ ገባች። ገነት ከአረብ አገር ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። እማማ የደም ግፊት ኪኒን ከጀመሩ ወዲህ እያዞራቸው ስለሚወድቁ «ሁለተኛ አልውጥም» ብለው ቆርጠዋል። ገነት ደግሞ ቢያቆሙት ግፊቱ ይገድላቸዋል ብላ እንቅልፍ አጥታለች። የመጣችው ቀለል ያለ ኪኒን ፍለጋ ነው።

«ለመሆኑ እማማ ምን ይበላሉ?» አሉ ሊቀ ጉበት።

የእማማ ፊት ተለዋወጠ። «ምን ማለትህ ነው ልጄ? ጾም ገደፈች ልታስብለኝ ነው?»

«ኧረ ሥጋ አላልኩም። ሽሮው፣ ምስሩ?»

«ድንች በጨው።»

«ከጾሙ በፊትስ?»

«ድንች በጨው።»

ገነት ደነገጠች። ቤታቸው ሽሮ ጠፍቶ አያውቅም፤ እናቷ ግን ሁልጊዜ «ቀድሜሽ በልቻለሁ» ነበር የሚሏት። ከኋላ የተሰለፍኩት እኔም ጆሮዬን አቆምኩ።

«ለምን?» አሉ ሊቀ ጉበት።

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ስለት ነው። ይቺ ልጅ አገሯ ላይ እስክትረጋ ወጥ አልቀምስም ብዬ ለእመቤታችን ተስያለሁ። ፓስፖርቷን ማሳደሷን እኮ ሰምቻለሁ።»

ገነት አንገቷን ደፋች።

ሊቀ ጉበት አንድም ኪኒን አልሸጡም። ኪኒኑን ያዘዘው ሐኪም ጋ ደውለው ዛሬውኑ መጠኑን እንዲያይላቸው ተነጋገሩ። «እስከዚያ በራስዎ እንዳያቆሙት» አሉ። «የስለቱን ነገር ደግሞ ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ፤ የጉበቱን እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

«የነፍስ አባቷን አያድክሟቸው» አለች ገነት። ወደ እናቷ ዞረች። «አልሄድም፣ እማ።»

«ለኪኒኑ ብለሽ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

እማማ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። «እንግዲያ ስለቴ ሰመረ» አሉ። ከዚያ ወደ ሊቀ ጉበት ጠጋ ብለው፣ «እስቲ ልጄ፣ ያን የጉበቱን ነገር ከመጀመሪያው አስረዳኝ» አሏቸው።

ሊቀ ጉበት ሳይጠየቁ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «አስረዳኝ» ያላቸው ሰው ግን ኖሮ አያውቅም። ለእማማ ወንበር እየሳቡ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ያን ጊዜ ወደድኳቸው።