ስልክ ቁጥሬን የሚዘምሩ ልጆች

ስልክ ቁጥሬን ከፈለጋችሁ እኔን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ሶዶ ውስጥ እኛ ሰፈር ያለ አንድ የኬጂ ልጅ አስቁሙና ዘምርልኝ በሉት። ዜሮ ዘጠኝ ብሎ ይጀምርላችኋል። ቀሪውን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቀው ሰው በቂ ነው።

ጣጣው የመጣው ከትምህርት ቤት በተላከ ወረቀት ነው። ከላዩ "ለልጆች ደህንነት" ይላል። የልጁ ስም፣ የደም ዓይነት፣ ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው፣ አንድ ጉርድ ፎቶ። እኔ ደግሞ የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ፎርም ሳይ እጄን ይበላኛል። በሦስት ኮፒ ሞላሁት። አንዱን ለትምህርት ቤት ሰጠሁ፣ አንዱን ቤት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ሦስተኛውን በፕላስቲክ አሳሽጌ አምስት ዓመት የሞላት ልጄ ኤልዳና አንገት ላይ አንጠለጠልኩት። በሦስተኛው ቀን በሸንኮራ ቀይራው መጣች። ከማን ጋር እንደተለዋወጠች እስካሁን አልታወቀም። የሆነ ቦታ የኔን ልጅ የደም ዓይነት አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ አለ ማለት ነው።

ወረቀት ይጠፋል፣ አፍ ግን የት ይሄዳል? ብዬ አሰብኩ። ቤተ ክርስቲያን ከሚዘመሩት የልጆች መዝሙሮች ያንዱን ዜማ ወሰድኩና ስልክ ቁጥሬን አስገባሁበት። ጌታ ይቅር ይበለኝ። ኤልዳና በሁለት ቀን ያዘችው። እሷ እንደሆነች የምታውቀው ሰው መሀል ሬዲዮ ናት፣ የሚያጠፋት የለም። ክፍል ውስጥ ተነስታ ዘመረችው። ቲቸርም ደስ ብሏት "ጎበዝ! ሁላችሁም እንደ ኤልዳና አጥኑ" አለች። ልጆቹ ታዛዦች ናቸው። ልክ እንደ ኤልዳና፣ አንድ ቁጥር ሳያዛንፉ አጠኑ።

የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ምሳ ላይ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ጋሼ፣ ልጅህ መናኸሪያ ሲያለቅስ አገኘሁት አለኝ። ልጄማ ይኸው ፊቴ ቁጭ ብላ ትበላለች አልኩት። ይሄ ወንድ ነው አለ። ወንድ ልጅ የለኝም አልኩ። ጋሼ፣ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይካድም ብሎ መከረኝ። ድምፁ ደግሞ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል። ባለቤቴ የጎረሰችውን ሳታላምጥ ታየኛለች። ሄጄ ልጁን ይዤው ስመጣ ነገሩ ባሰ፤ ጆሮው አንተን ይመስላል አለችኝ። ለቲቸር ደውለን፣ የልጁ እናት እየሮጠች መጥታ እስክትወስደው ድረስ በቤቴ እንደ ተከሳሽ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያማ ለመድነው። ባለቤቴም ለሚመጣው ልጅ ብስኩት ማስቀመጥ ጀመረች። ቲቸር ስህተቷን ለማረም የየአባታችሁን ቁጥር አጥኑ ብላ ነበር። አጠኑ። ግን የመጀመሪያ ዜማ በቀላሉ ይለቃል?

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ ሰሞን ነው። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ገበያው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እግር መጣያ የለም። ኤልዳናን ይዤ ልወጣ ስል የክፍል ጓደኛዋ ቃልኪዳን ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች። የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ስድስት ዓመቷ። እናቷ አደራ ብላ ሰጠችኝ። ቅቤ ተራ ደርሼ ቅቤውን በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩ። ቀና ስል ሁለቱም የሉም።

ምን ለብሳለች? አሉኝ ቅቤ ነጋዴዎቹ። ቀይ አልኩ። ወይስ ሰማያዊ? የሺህ ሠራተኛ ፋይል የማውቅ ሰውዬ የልጄን ቀሚስ አላውቅም። ሦስቱ ኮፒዬ የት እንዳሉ ነግሬአችኋለሁ። ለቃልኪዳን አባት እንዳልደውል ቁጥሩ የለኝም፤ በአጥር ላይ ነው የምንጠራራው። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የራሴ አንሶ የሰውም ልጅ ጠፍታብኛለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል።

ስልኬ ጮኸ። ጫማ ሻጭ ነው። ልጅህ እኔ ጋ ናት፣ ና አለኝ። ሰው እየገፋሁ በረርኩ። ስደርስ ቃልኪዳን ብቻዋን ቆማለች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሰው ልጅ በደህና አግኝቼ ከፋኝ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ኤልዳናስ? አልኳት። ጥጃ ተከትላ ሄደች፣ እኔም እሷን ልመልሳት ተከተልኳት፣ ከዚያ መንገዱ ጠፋን አለችኝና እጄን ይዛ ትጎትተኝ ጀመር።

የበዴሳ ሚኒባሶች የሚቆሙበት ደረስን። አንዲት ለገበያ የመጣች ሴት እቃዋን መሬት አስቀምጣ፣ ኤልዳናን በእጇ ይዛ ቆማለች። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ ሲሄድ ልጅ ጥዬ አልሳፈርም ብላ ቀርታለች።

"ይሄ ልጅ አይሰማም መሰለኝ" አለችኝ፣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ በሚያደርግ አማርኛዋ። "ስሙን ጠየቅኩት ዝም፣ አባቱን ጠየቅኩት ዝም። በወላይትኛ ሞከርኩ፣ በአማርኛ ሞከርኩ።"

ያቺ ሬዲዮ የማታውቀው ሰው ፊት ተዘግታለች። እኔን ስታይ ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? እንባዋ እየወረደ ስልክ ቁጥሬን ከዜሮ እስከ መጨረሻው አንድም ሳትስት ዘመረችልኝ። አቅፌያት እኔም አለቀስኩ። የሴትየዋን እቃ ተሸክሜ ሚኒባስ ላይ ጫንኩላት፣ ሌላ ምን እችላለሁ?

ወደ ቤት ስንመለስ ቃልኪዳንን፣ የአባትሽን ቁጥር አታውቂውም እንዴ? አልኳት።

"አውቀዋለሁ" አለች። "የአባቴን ብዘምርማ የሚመጣው አባቴ ነው። የጠፋችው ግን ያንተ ናት።"

ለካ እሷ ከኤልዳና የተለየችው ጠፍታ አልነበረም፤ ኤልዳናን ሚኒባሶቹ ጋ አቁማ እኔን ልታስጠራ ነው ጫማ ሻጩ ጋ የሄደችው። እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

እንግዲህ ለልጃችሁ ስልክ ቁጥራችሁን አስጠኑ የሚል ምክር ከኔ አትጠብቁ። እኔ በማግስቱ የቃልኪዳንን አባት በአጥር ጠርቼ ቁጥሩን ተቀበልኩ፤ ኤልዳናን አሁን የማስጠናት እሱን ነው። የኔንማ የሰው ልጆች ይዘውልኛል።