አማቾቼን ላገኝ ፒዛ ቤት ሄጄ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ስትሰሙ «ጋሼ ወርቁ በቃ አረጁ» ትላላችሁ። በሉ። አረጀሁ!

ይህ ፔጅ የምድጃ መሸጫ መሆኑን አልረሳሁም። ምን አለሽ ተራ ተቀምጬ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ እሠራለሁ፣ ልጄ ሰብለ ፎቶ እያነሳች እዚህ ትለጥፋለች። ዛሬ ግን ምድጃ የለም። ዛሬ የምለጥፈው ራሴን ነው።

የምጽፈው በአንድ ጣት ነው። ትምህርቱንም ገና በልጅነቴ ነው የተውኩት። ፊደል ብስት እያረማችሁ አንብቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብለና ቢንያም የሚባል አንድ ልጅ ተፈቃቅደዋል። እኔ ልጁን በፎቶ እንጂ በአካል አላየሁትም። በፎቶው ላይ ጢሙን ያሳደገ ሳቂታ ልጅ ነው። ወላጆቹን ደግሞ ጭራሽ አላውቃቸውም።

«አባዬ፣ እሁድ ከቤተሰቦቹ ጋር ትተዋወቃለህ። ዘና ብለን ምሳ እንበላለን፣ ሌላ ምንም ነገር የለም» አለችኝ።

ዘና ብለን!

እናቷ ካረፈች ወዲህ ለዚህች ልጅ የምቆምላት እኔ ብቻ ነኝ። ሰዎቹ ቤታችንን የሚመዝኑት እኔን አይተው ነው። እስቲ እንዴት ብዬ ነው ዘና የምለው?

ቦታው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የተከፈተ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። ፓስታ ብርቄ ሆኖ አይደለም፤ በእንጀራ ጠቅልዬ ስበላው ነው ያረጀሁት። ያስጨነቀኝ ሹካው ነው። ቤት ውስጥ ብቻዬን ተለማመድኩ። ስጠቀልለው ይፈታል፣ ስጠቀልለው ይፈታል። በመጨረሻ አንዱ ጫፍ አፌ ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ ሸሚዜ ላይ ሆነ።

የእጄ ጥላሸት ደግሞ አለ። በሎሚ ፈተግኩት፣ በሳሙና ፈተግኩት። ጣቶቼ ነጡ፣ የጥፍሬ ዙሪያ ግን እንቢ አለ። «ጠረጴዛ ሥር እደብቀዋለሁ» ብዬ ተውኩት።

ሰብለ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ነው። «አባዬ፣ እዚያ ሁሉም በየሳህኑ ነው የሚበላው። ጉርሻ የለም! እሺ?»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ አቃተኝ!

ዛሬ እሁድ ነውና ኮቴን ለበስኩ፣ ጎጃም በረንዳ ጫማዬን አስጠረግኩ፣ በእግሬ ወረድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሰብለ ደወለች።

«አባዬ፣ ታክሲው አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነው። እነሱ ግን ደርሰዋል። ግባና ሰላም በላቸው። ሦስት ናቸው። አባትየው ግራጫ ኮት ለብሰዋል።»

እንግዲህ በእሁድ ቀን፣ በዚያ ሰፈር፣ ግራጫ ኮት የሌለው ትልቅ ሰው ካለ ጠቁሙኝ።

ለክብራቸው ብዬ ስልኬን አጠፋሁና ገባሁ።

መስኮቱ ጋ አንድ ጠረጴዛ አለ። ግራጫ ኮት የለበሰ አባት። ነጠላ የለበሰች እናት። አንድ ጎረምሳ። ሦስት!

ልጁ ጢም የለውም። «አይ ጨዋነት፣ ለኔ ክብር ተላጨ!» አልኩ በሆዴ። ቀድሜም ወደድኩት።

ክንዴን ዘርግቼ ሄድኩ። «ይቅርታ፣ አስቆየኋችሁ!»

ሦስቱም ብድግ አሉ። «ኖር!» አለ አባትየው።

«በእግዜር! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!»

ተሳሳምን። «ቤተሰብ ደህና?» ይመስገን። «ልጆችስ?» ይመስገን። «ጤናዎትስ?» ይመስገን። ልጁ ወንበር ሳበልኝ። እናትየው «ቀርበው ይብሉ እንጂ! በሞቴ!» አለች።

እስቲ ፍረዱኝ። ከዚህ ሁሉ መሀል የት ጋ ነው «ለመሆኑ እናንተ ማናችሁ?» የሚባለው?

ፒዛው መሀል ላይ ተቀምጧል፣ ሁሉም ከዚያው ያነሳል። ደስ አለኝ። ልጄ በየሳህኑ ያለችው ለካ እኔን ለማስፈራራት ነው፤ ሰዎቹ እንደኛው ናቸው!

ደግሞ እኔ የተቀመጥኩበት ጋ አንድ ሳህን ፓስታ በስጎ አለ። ባለቤት የለውም። ቀድመው ያዘዙልኝ መሰለኝ። ትንሽ ጎደል ያለ ይመስላል፤ ሹካውም ተነክሯል። የጣሊያን አቀራረብ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሹካውን አንስቼ ጀመርኩ።

እናትየው ልጁን አየችው። ልጁ ሳህኑን አየው። አባትየው ጣሪያውን አየ። እኔ አበላሌን የሚመዝኑ መሰለኝና ላብ አጠመቀኝ። ጠቀለልኩ። ተፈታ። ጠቀለልኩ። ተፈታ። ስጨነቅ ደግሞ እጄ የለመደውን ያደርጋል፤ ከፒዛው ትልቁን ቆርሼ፣ አጣጥፌ፣ «በል ልጄ!» ብዬ ወደ ጎረምሳው አፍ ሰደድኩት።

ጉርሻ! ሰብለ የከለከለችኝን!

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለ። ወይ አስተዳደግ!

ያን ጊዜ ደፈር አልኩ። «እንግዲህ ልጆቹ ከተዋደዱ እኛ ምን እንላለን?» አልኩ ለአባትየው።

«እውነትዎን ነው። ፍቅር ካለ ምን ይፈለጋል» አለ።

«ልጄ ስለሆነች አይደለም፣ ጨዋ ናት።»

«ከእርስዎ ወጥታ ምን ልትሆን» አለች እናትየው።

ይኸው! ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ሳምንት ሙሉ የተጨነቅኩት በከንቱ ነው? ደስታው ከጭንቀቱ ጋር ተደባልቆ ምላሴን ፈታው። ደረቴን ነፍቼ ትልቁን ቃል አወጣሁ።

«እኔ በበኩሌ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ!»



አባትየው ሳል ያዘው። ሚስቱን አያት። ሚስቱ እሱን አየችው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እ... እግዜር ይስጥልን።»

ይህን ጊዜ ከመታጠቢያ ቤት በኩል አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ መጣች። አጠገቤ ቆመች። የተቀመጥኩበትን ወንበር ታያለች። የያዝኩትን ሹካ ታያለች።

«ይህቺስ ማን ናት?» አልኩ።

«የልጃችን ሚስት» አለች እናትየው ኮራ ብላ።

ሚስት!

ሕፃንም!

ወዳጆቼ፣ እኔ ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ሦስቴ ተናግሬ አንዴ አልሰማም። ዛሬ ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ።

«ሚስት እያለህ ነው ልጄን የምታጨው?!»

አስተናጋጁ ማኪያቶ እንደያዘ ቆመ።

«የማንን ልጅ?» አለች ሚስትየው። ወደ ባሏ ዞረች። «ሳምሶን! የማንን ልጅ ነው የሚሉት?»

ሳምሶን?

«ልጄ... አንተ ቢንያም አይደለህም?» አልኩ።

ያችን ጥያቄ ባልጠየቅኩ!

«ቢንያም?» አለች ሚስትየው። «ስምህንም ቀይረህ ነው የምትዞረው?»

ምስኪኑ ሳምሶን መልስ እንዳይሰጥ አፉ አሁንም በጉርሻዬ ተሞልቷል። እጁን ያወናጭፋል፣ ያኝካል፣ እጁን ያወናጭፋል። ሲያዩት ጥፋተኛ ነው የሚመስለው።

«አባዬ?»

ድምፁ ከላይ ነው። ቀና ስል ደረጃ አለ። ለካ ቤቱ ፎቅ አለው! ሰብለ ደረጃው መሀል ቆማለች። ከኋላዬ ገብታ፣ ጀርባዬን ሳታስተውል ወጥታ፣ ላይ ሆና ባጠፋሁት ስልኬ ስትደውልልኝ ነበር። ከሷ ከፍ ብሎ፣ የደረጃውን ብረት ተደግፈው፣ ግራጫ ኮት የለበሰ አባት፣ አንዲት እናት፣ አንድ ጢማም ልጅ ቁልቁል ያዩኛል።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያዩኝ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ሰብለ ወርዳ ክንዴን ያዘችው። «አባዬ፣ በናትህ ወደ ላይ እንውጣ። እያዩን ነው።»

መውጣት ፈልጌ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝም አልጠላሁ። ግን ያቺ ልጅ ሕፃኗን አቅፋ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ወደ አማቾቼ ብወጣ የሷ ቤት ምን ይሆናል? ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የልጄ አማቾችም ከላይ እያዩ ነው። ብቆይ የልጄን ነገር አበላሻለሁ፣ ብሄድ የሰው ትዳር።

«ቆይ ልጄ» አልኳት። ቀና ብዬም ተጣራሁ። «ቢንያም! እስቲ ውረድ!»

ለአማቼ በሕይወቴ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል ትእዛዝ ሆነ። «ደህና ዋልክ» እንኳን አላልኩትም!

ወረደ። ወስጄ ሳምሶን አጠገብ አቆምኩት።

«ተመልከቺ ልጄ» አልኳት ሚስትየውን። «ጢም ያለው የኛ ነው። ጢም የሌለው ያንቺ። የተሳሳትኩት እኔ ሽማግሌው ነኝ። ባልሽ ዛሬ ሰው አክብሮ ከመጉረስ በቀር ያጠፋው የለም።»

ልጅቷ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። አላመነችም። ወደ ሰብለ ዞረች። «አንቺ፣ ባሌን ታውቂዋለሽ?»

«አባቴ ይሙት አላውቀውም!» አለች ሰብለ።

እንዲህ ስትል ወደኔ ያየችው አስተያየት ግን፣ ብሞትም ብዙ የምትቆጭ አይመስልም።

ሚስትየው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች።

«ፓስታዬንስ?»

«እኔ ነኝ የበላሁት» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ሳምሶን ጉርሻውን ውጦ ሳቀ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ለሳምሶን አባት እኔ የሚስቱ ዘመድ መስዬው ነበር። ሚስቱ ደግሞ የባሏ ጓደኛ። ሳምሶን ሁለቱም የሚያውቁኝ መስሎት። እያንዳንዱ የሌላውን እንግዳ ላለማሳፈር ብሎ ነው የሰው ፓስታ ስበላ ዝም ያለኝ!

እነሱ ሳቁ። እኔ ግን ገና ፎቁን መውጣት አለብኝ።

አማቾቼ ተነስተው ተቀበሉኝ። እናትየው ወይዘሮ አልማዝ ደግ ናቸው፤ «ይብሉ እንጂ፣ ምንም አልቀመሱም እኮ» ይሉኛል። አልቀመስኩም! እስከ ጉሮሮዬ ጢም ብያለሁ። እንቢ ብል ናቁን ይሉ ይሆናል ብዬ ሁለተኛ ምሳ በላሁ። ሹካው አሁንም አልጠቀልል አለኝ።

አባትየው አቶ ተካልኝ ግን አይናገሩም። አይስቁም። ከንፈራቸውን ነክሰው ሳህናቸውን ያያሉ። አንድ ነገር ስናገር ወደ መስኮቱ ዞር ይላሉ። ቢንያም ጨዋታ ሊያመጣ ሞከረ፤ መሀል ላይ ወደቀ። ሰብለ ከጠረጴዛ ልብሱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

በቃ፣ አልኩ። የልጄን ነገር በገዛ አፌ አበላሸሁት። ሰውየው ልጁን ከንደዚህ ያለ ቤት ለማሸሽ ነገር እየፈለገ ነው። ሞቶ ባረፈ ሰው ቀናሁ።

ስንለያይ በሩ ላይ እጄን ጨበጡኝ። አልለቀቁኝም። የጥፍሬን ጥላሸት መደበቅ እንኳን አልቻልኩም።

«አቶ ወርቁ፣ ሽማግሌ ልንልክ ነው» አሉኝ።

ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች።

«ግን አደራዎን» አሉ፣ ፊታቸውን እንዳጨማደዱ፣ «መንገድ ድረስ ወጥተው ይቀበሉልን። የኛም ሽማግሌዎች እንደርስዎ ያገኙት ቤት ገብተው፣ የሰው ልጅ ተሰጥቷቸው እንዳይመለሱ!»

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸው ወረደ። ለካ ምሳውን ሙሉ ያልተናገሩት አፋቸውን ከከፈቱ ሳቁ እንዳያመልጣቸው ነው!

በታክሲ ወደ ሰፈር ተመለስን። ልንወርድ ስንል ሰብለ «ደግሞ አጎረስከው!» አለችና ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደፋችው። ታልቅስ ትሳቅ አላየሁም።

እንግዲህ ልጄ ልታገባ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። እኔ ግን ካሁኑ እንቅልፍ አጣሁ። የፊታችን እሁድ ጠዋት የማላውቃቸው አምስት ሽማግሌዎች በሬን ያንኳኳሉ። «ግቡ፣ ኖር፣ ቤተሰብ ደህና?» ማለቴ አይቀርም፤ አፌ ሌላ አያውቅም።

እስቲ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ከማስገባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ መታወቂያ ብጠይቃቸው ነውር ነው?