ማድሪድ ላይ የሞተብን ልጅ

እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ጨርቅ ነው ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ወንድ መሆን አለበት፤ ያውም ልጅ ያልወለደ ወንድ። አራስ ለማረስ የመጣች እንግዳ እኮ ወርቅ የምትሆነው እየቆየች ስትሄድ ነው! የመጀመሪያው ቀንማ ታስጨንቅሻለች። ቤቱን ቆሸሸ ትል ይሆን? ወጡን አልጣፈጠኝም ትል ይሆን? እያልሽ ትሞቻለሽ። ሳምንታት አልፈው ግን ሕፃኑን ሰጥተሻት ሻወር ስትገቢ፣ ውሃው ራስሽ ላይ እየወረደ ማንም ሳያለቅስ፣ ያኔ ምን ትያለሽ? “ጌታ ሆይ፣ ይህችን ሴት ከዚህ አገር አታውጣት” ትያለሽ።

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጌታም ሰማኝ፤ አሰማሙ ግን በራሱ መንገድ ነው።

እትዬ አስካለ የባለቤቴ የዳኒ እናት ናቸው። ልጄ ባሮክ ሲወለድ ሊያርሱኝ ከአዲስ አበባ መጡ። ቤታችን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ነው። ዳኒ ታክሲ ስለሚነዳ ጠዋት ወደ ኤርፖርት እንደወጣ ማታ ነው የሚገባው። ሶ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ያለነው እሳቸው፣ ባሮክ፣ እኔና ጭንቀቴ ነን። ጭንቀቴን እንደ አንድ ሰው ቁጠሩት፤ ሶፋው ላይ ቦታ ይይዛል። ባሮክ ሲተኛ ይተነፍሳል ወይ ብዬ ጣቴን አፍንጫው ስር አስቀምጣለሁ። በጣቴ ምክንያት ሲነቃ ደግሞ ለምን ነቃ ብዬ እጨነቃለሁ። አንድ ቀን አስነጠሰና አምቡላንስ ልጠራ ስልኬን ሳነሳ እትዬ አስካለ ቀሙኝ። “ልጅ ሲያስነጥስ ይማርህ ይባላል እንጂ ሳይረን አይጠራም” አሉኝ። እንግዲህ እኚህን ሴት ወደ አገራቸው መልሼ ብቻዬን እንዴት ልሁን?

አሁን ወደ ቲቪው ልምጣ። ዳኒ ለአራሷ ብሎ ግድግዳውን የሚያህል ቲቪ ገዛ። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እንግሊዝኛ በአፌ እሮጣለሁ፤ በዓይኔ ግን እንፏቀቃለሁ። ስለዚህ የፊልም ስም ጽፌ አልፈልግም፤ ቲቪው ላይ የተደረደረውን ፊት አይቼ ነው የምጫነው። ፊቱ ደስ ካለኝ እከፍተዋለሁ። ባልም የመረጥኩት እንዲሁ ነው፤ አልጎዳኝም። አንድ ቀን ባሮክን እያጠባሁ በተረፈችው እጄ አንድ ፊት ተጫንኩ፤ አፍንጫው የተሰበረ፣ ዓይኑ ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ጎረምሳ ነው። የስፔን ፊልም ሆኖ ተገኘ።

ስፔን ማለት ለእኔ በሬና ኳስ ብቻ ነበር። እዚህ ፊልም ውስጥ በሬም የለም፣ ኳስም የለም። ያለው የማድሪድ ዳርቻ ነው፤ እንደኛ ኮንዶሚኒየም የተደረደረ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ሥራ አጥቶ ካናቴራ ለብሶ የሚውል አባት፣ ሞተር ሳይክል የሚሰርቁ ልጆች። ሁሉም ይጮሃሉ። ሲዋደዱም ሲጣሉም ድምፃቸው አንድ ነው። ሲኒማ አልመሰለኝም፤ ጎረቤት መሰለኝ።

ቲቪው ደግሞ አንድ አመል አለው። አንዴ አንድን ሰው ካየሽ “ወደድሽው አይደል?” ብሎ ያንኑ ሰውዬ በሌላ ፊልም ያመጣልሻል። ልክ እንደኛ አገር ጋባዥ ነው፤ ወጡ ጣፈጠኝ ካልሽ አለቀልሽ፣ ሳህንሽ አይጎድልም። ሶ ይህ አፍንጫው የተሰበረ ተዋናይ ሳሎናችን ገብቶ ቀረ።

እትዬ አስካለ ጴንጤ ናቸው፤ ፊልም የዓለም ነገር ነው ብለው ጀርባቸውን ለቲቪው ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። ያዞራቸው ጭብጨባው ነው። የእነዚህ ፊልሞች ሙዚቃ ጊታርና ጭብጨባ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ድምፁ የሻከረ ዘፋኝ ከሆዱ አውጥቶ ያለቅስበታል። ጴንጤ ደግሞ ጭብጨባ ሰምቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል? “ምንድነው፣ መዝሙር ነው?” ብለው ዞሩ። ሲዞሩ ልጁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። “ምን ሆኖ ነው?” አሉኝ።

ምን እንደሆነማ እኔስ ምን አውቄ! ከስር የሚሮጠው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እኔን ሲያይ የሚሮጥ ነው የሚመስለኝ። የመጀመሪያውን ቃል ጨርሼ ቀና ስል ሰዎቹ ሌላ ቤት ገብተዋል። ግን ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተርክልን ሰው ነበር፤ እሱም ቋንቋውን ያውቅ ነበር ብዬ አልምልም፤ አንድም ሰው ግን ገንዘቤን መልስ አላለውም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና “ጓደኛው ከድቶት ነው” አልኳቸው።

“ወይ ልጄን!” ብለው ሶፋው ላይ ተመቻቹ። በዚያው ቀሩ።

በማግስቱ ቲቪው ያንኑ ልጅ ባለትዳር ፖሊስ አድርጎ አመጣው። ትናንት ሌባ፣ ዛሬ ፖሊስ! “መንግሥት ይቅርታ አድርጎ ቀጠረው” አልኩ። “ሃሌሉያ!” አሉ፤ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ደግሞ በሌላው ቀን ከሌላ ሴት ጋር ተጋብቶ መጣ። እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ፤ እትዬ አስካለ ሁለት ሚስት አይወዱም። “ያችኛዋስ?” አሉ በቁጣ። “ተሰደደች” አልኩ። “የት?” ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው “ጋርዴና” ነው። “ጋርዴናማ እዚሁ አይደል እንዴ! ታዲያ እሁድ ዳኒ አይወስደንም? አንጠይቃትም?” ብለው ነጠላቸውን ሊፈልጉ ተነሱ። ምስኪኗን ሴት በዚያው ደቂቃ ከጋርዴና ፓሳዴና፣ ከፓሳዴና ካናዳ አዛወርኳት።

ፊልም መሆኑ ጠፍቷቸው እንዳይመስላችሁ። የራሳቸው ሐሳብ አላቸው፤ “የሚጫወተው የራሱን ሕይወት ነው። ሰው ያልደረሰበትን እንዲህ አድርጎ አያለቅስም” ብለው ደመደሙ። ስሙ በየፊልሙ መለዋወጡን ግን አልወደዱትም፤ ለጸሎት አይመችም። ስለዚህ ራሳቸው ምህረቱ አሉት። ቤተ ክርስቲያን ሄደውም “ማድሪድ ያለ ምህረቱ የሚባል ልጅ አለን፣ በጸሎት አስቡልን” አሉ። አሰቡልን።

ወዲያው ባለሙያ ሆኑ። የስፔን ተዋንያን ከሰርግ እንግዳ አይበዙም፤ እዚህ እናት የነበረችው እዚያ ጎረቤት ናት፤ ያ ድምፁ የሻከረው ዘፋኝም ራሱ የቡና ቤት ባለቤት ሆኖ ብቅ ይላል። እሳቸው ሁሉንም ለዩ። ሙዚቃውንም ለዩት፤ “ይሄ ጊታር እንዲህ ቀስ ካለ ፖሊስ ይመጣል” ይሉና ፖሊሱ ሳይደርስ ጸሎት ይጀምራሉ። መሳሳም ሲመጣ ዓይናቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ነጠላው ግን ስስ ነው።

እንዲህ እየሆንን ሳለ የመሄጃቸው ቀን ደረሰ። ሻንጣው ከአልጋ ስር ወጣ። እሳቸው ግን ልብሳቸውን እያጠፉ “ምህረቱን እንዲሁ አንጠልጥዬ መሄዴ ነው የሚቆጨኝ” አሉ። “መጨረሻውማ ገና ነው እትዬ! ገና ምን አይተው!” አልኩኝ። ሻንጣው ተመለሰ። ዳኒ ቲኬቱን እየቀየረ “ለባሮክ ብላ እኮ ነው” አለኝ። እኔ ባሮክን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጀርባውን መታ መታ እያደረግሁ ቲቪውን አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ትረካ ሆነ። የልጁ ታሪክ አልቆ እሳቸው እንዳይሄዱ በየቀኑ ምህረቱን አጋባሁ፣ አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ አሳከምኩ። በአንድ እጄ አጠባለሁ፣ በአንድ እጄ ሪሞት እይዛለሁ፣ በአፌ ማድሪድን አስተዳድራለሁ።

አንድ ከሰዓት ግን የባሮክን ዳይፐር ልቀይር መኝታ ቤት ገባሁ። እሳቸው ደግሞ ለካ ፊቱን እያዩ መጫን ተምረዋል። ከሳሎን “ልጄን! ልጄን!” የሚል ጩኸት ስሰማ ባሮክን ከነግማሽ ዳይፐሩ ይዤ ሮጥኩ። ምህረቱ ደረጃው ላይ ተዘርሯል። ጊታር የለም፣ ጭብጨባ የለም፤ ያ ዘፋኝ ብቻውን ይጮሃል። “ቆስሎ ነው፣ ቆስሎ ነው እትዬ፣ ይድናል!” አልኩ። ስፔኖቹ ግን አልራሩልኝም፤ ሬሳ ሳጥኑን አምጥተው አሳዩን። ያውም መሬት አልቆፈሩለትም፤ ግድግዳ ውስጥ እንደ መሳቢያ ገፍተው ከተቱትና በስሚንቶ ለሰኑት። “አፈር እንኳን አላለበሱትም!” ብለው እትዬ አስካለ ደረታቸውን መቱ። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ለምህረቱ፣ ግማሹ ለቲኬቱ።

እንባቸውን ጠርገው ስልክ አነሱ። ለአንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት “ምህረቱ አረፈ” አሏት። ከዚህ በላይ ምንም አላሉም። ፌርፋክስ ላይ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ በተለይ መኪናው ፓርክ ማድረጊያ እየፈለገ ከሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ሞላ። ከኢንግልዉድ ድረስ ድስት ይዘው መጡ። “ጌታ ያጽናችሁ፣ በወጣትነቱ!” እያሉ ያቅፉኛል። እንዴት ብዬ ልናገር? አንዷን “ተሳስታችኋል” ልል አፌን ስከፍት በለቅሶ ብዛት ነው ብላ ውሃ አጠጣችኝ።

የዚያን ቀን ዳኒ በጊዜ ገባ። በሩ ላይ ያንን ሁሉ ጫማ ሲያይ “እማዬ!” ብሎ ዘለለ። እናቱን በሕይወት ሲያገኛቸው ግድግዳ ተደገፈ። “ማነው የሞተው?” አለ። ሁሉም በአንድ አፍ “ምህረቱ” አሉት። “ምህረቱ ማነው?” ሲል ቤቱ በሙሉ አጉረመረመ። “ውይ፣ ደንግጦ ነው።” “ሐዘን እኮ ያስክዳል።” ጋሼ ታደሰ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ትከሻውን ይዘው “አይዞህ ልጄ፣ እንደዚህ በሆድህ አትያዘው” አሉት።

ከዚያ የፈራሁት ነገር መጣ፤ አንዷ “ፎቶው የለም?” አለች። እትዬ አስካለ ክብር ባለው አኳኋን ሪሞቱን አንስተው ተጫኑ። ምህረቱ ግድግዳውን ሞልቶ ብቅ አለ። ፓሳዴና ፊልም የምትማር ሊዲያ የምትባል የመዘምራን ልጅ ከኋላ ሆና “ዌት፣ ዌት፣ ይሄ እኮ አክተር ነው! አልሞተም!” ብላ ጮኸች።

ሁሉም እትዬ አስካለን አዩ፤ እትዬ አስካለ እኔን አዩ። “ካናዳ ያለችውስ?” አሉኝ ቀስ ብለው። “ያ ጓደኛው? ያ ይቅርታ?” አንገቴን ደፋሁ። “ጽሑፉ ይሮጥብኛል እትዬ። እርስዎ እንዳይሄዱብኝ ነው” አልኩ። ይኸው፣ አለቀ፤ ነገ ሻንጣ ነው አልኩ በልቤ።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። “ለለቅሶ የመጣ ምግብ ወደ ቤቱ አይመለስም” ብለው እጃቸውን ለመታጠብ ተነሱ። ሊዲያም በደስታ ሌክቸር ጀመረች። እንደዚህ ባሉ ፊልሞች ውስጥ የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ አይደሉም፣ አንዳንዶቹ ከዚያው ሰፈር፣ ከዚያው ደረጃ ላይ ተለቅመው የመጡ ናቸው፣ ዘፋኞቹም እንደዚሁ፣ ፊልም ላይ የሆኑትን በእውነተኛ ሕይወታቸውም የሆኑ አሉ አለች። ሳቁ ትንሽ ዝቅ አለ። እትዬ አስካለ ብቻ ቀና አሉ። “ታዲያ ምን አልኩ? ጸሎቱ አልተሳሳተም፤ አድራሻው ነው የተሳሳተው” አሉ። ሊዲያም በየቅዳሜው መጥታ ጽሑፉን ልታነብልን ቃል ገባች።

እትዬ አስካለ ግን ሳያዋሩኝ አደሩ። ጠዋት ሻንጣው ሳሎን መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። ባሮክን አቅፌ በሩ ላይ እንደቆምኩ ዳኒን ጠሩትና “ያንን ቲኬት እንደገና ግፋው፤ ይህንንም ሻንጣ ከፍ አድርገህ ቁም ሳጥኑ ላይ ስቀልልኝ፣ አልጋ ስር አቧራ በላው” አሉት። ዳኒ እየሳቀ አቀፋቸው። “ለባሮክ ብለሽ ነው አይደል እማዬ?” አላቸው።

“ባሮክ ደግሞ ምን ጎደለው?” አሉ። “ይህች ሚስትህ በአንድ እጇ ታጠባዋለች፣ ታስገሳዋለች፣ ታስተኛዋለች። እኔማ ልጁን ከያዝኩት ስንት ጊዜዬ!” ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሶፋው ላይ ቦታቸውን ያዙ። “የቀረሁት ለምህረቱ ነው። ከሞት የተረፈ ልጅ ብቻውን አይተውም። በይ ልጅሽን ያዢና ክፈቺው።”