ጋሽ ሊቁና የዳማ ደም

ውሃ የማያገኝ ሰፈር አይቻለሁ። መንገድ ያልወጣለት፣ ቆሻሻው የማይነሳለት ሰፈርም አይቻለሁ። ሁሉን አዋቂ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ፍጡር የትም አለ። ሳይማር ሐኪም፣ ፍርድ ቤት ሳይረግጥ ጠበቃ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው መልሱን ይዞ በር ያንኳኳል። ፈጣሪ እውቀትን ለሰው ልጅ ሲያከፋፍል ሰልፉን ጥሶ ገብቶ ያፈሰው እሱ ነው። ለእኛ ያልተረፈንም ለዚህ ነው።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ጋሽ ሊቁ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት፤ ያወጣችውም ለሽሙጥ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። አሁን ስልክ ሲያነሱ እንኳ "ሊቁ ነኝ" ነው የሚሉት።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሊፍት ጠጋኝ ነበሩ። እሳቸውን የሚያክል ጠጋኝ አልነበረም ይባላል፤ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያወጡና ሲያወርዱ ስለኖሩ፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ በሊፍት ይገለጽላቸዋል። አንዱ ጎረቤታችን አውሮፕላን አብራሪ ነው። "አየህ ልጄ፣ አውሮፕላን ማለት ወደ ጎን መሄድ የለመደ ሊፍት ነው" ብለው ስለ አበራረር ሲመክሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውየው የደንብ ልብሱን እንደለበሰ "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" እያለ የኋሊት ተራምዶ ነው መኪናው ውስጥ የገባው። የእኛ ቤት ቧንቧ የፈነዳ ጊዜም ሠራተኛው ውሃ ውስጥ ተንበርክኮ ሲታገል፣ ጋሽ ሊቁ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና ቧንቧ ምን እንደሆነ ያስረዱት ጀመር። ሰውየው መረረውና መፍቻውን ዘረጋላቸው። "እንኩ፣ እርስዎ ይጨርሱት!"

ጋሽ ሊቁ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። "እኔ የሰው ሥራ አልቀማም" አሉ በትሕትና።

ይህ ሁሉ እንኳ ይቻላል። የጋሽ ሊቁ ጥበብ ከፍታው የሚታየው ግን ወደ ውሻ ሲመጡ ነው።

የምንኖረው ከጥብቅ ደን ጥግ ነው። የጓሯችን ግንብ ሲያልቅ የደኑ የሽቦ አጥር ይጀምራል። ከሽቦው ወዲያ ከርከሮና ቀበሮ፣ ከሽቦው ወዲህ እኛና ውሾቻችን እንኖራለን። ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ አንድ ነገር ቢኖር መዥገር ነው። መዥገር አጥር አያውቅም። ሳር ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የሚያልፍ ቆዳ ይጠብቃል። ውሾቻችን አጥሩን አሽትተው ሲመለሱ ጆሯቸው ላይ ጉትቻ ያንጠለጠሉ ይመስላሉ። በዚያ ሰሞን የልብስ ሰፊዋ ውሻ ከስቶ ሞተ። የጥግ ቤቱ ውሻም ተከተለው። ነገሩ ያሳሰበው ሁሉ ወደ ማን ሄደ? ወደ ሐኪም እንዳትሉኝ።

"መዥገር ማለት የውሻ ቅማል ነው" አሉ ጋሽ ሊቁ፣ ሸማውን እንደሚያስተካክል ዳኛ የሹራባቸውን አንገት እየሳቡ። "በሽታ የለውም። ነጭ ሽንኩርት በምግቡ አድርጉለት፤ መዥገሩ ሽታውን ጠልቶ ይወርዳል። እኔ ድሮም ብያለሁ።"

"ከደኑ በሽታ ይዞ ይመጣል ይባላል እኮ ጋሼ" አልኳቸው።

ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። "ደኑ ምንድን ነው?"

"ጥብቅ ደን ነው።"

"ጥብቅ! እንግዲህ በጥብቅ በሚጠበቅ ቦታ ውስጥ በሽታ በየት በኩል ይገባል?"

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ። እኔ አፌን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁና ለዳማ ነጭ ሽንኩርት ላጥኩላት።

ዳማ ውሻችን ናት። ጠባቂ ትሆናለች ብለን ነበር ያመጣናት፤ ሌባ ቢመጣ ግን ዕቃውን አብራ የምትሸከምለት ዓይነት ናት። ሰው አትጠላም፤ ምግብማ ጭራሽ። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሳህኗን አሽትታ ፊቷን ስታዞር ባለቤቴ ደነገጠች። ዳማ እየተጎተተች ወጥታ ግንቡ ሥር ሸናች፤ ሽንቷ አድሮ የጠቆረ ሻይ መስሏል። ባለቤቴ የዳማን ከንፈር ገልጣ አየች። ድዷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

ጋሽ ሊቁ ሳይጠሩ ደረሱ። ዳማን ዞሯት፤ ጎንበስ አሉ፤ ቀና አሉ።

"ብርድ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ትልም ሊሆን ይችላል" አሉ። ከዚያ ወደ ሙያቸው ተመለሱ። "ሊፍት በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደሱ ናት። ፊውዟ ነው።"

"ውሻ ፊውዝ አላት እንዴ ጋሼ?"

"ፊውዝ የሌለው ነገር የለም።"

ባለቤቴ ዳማን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አነሳቻት። "ሐኪም ጋ ልንወስዳት ነው" አለች።

"ሐኪም? ሐኪም ምን ያውቃል፣ መርፌ መውጋት ነው እንጂ!" ካሉ በኋላ ግን ከእኛ ቀድመው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። "ያለ እኔ ከሄዳችሁ ይጫወቱባችኋል። ንዳ! በዋናው መንገድ አትሂድ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል እጠፍ።"

በዳቦ ቤቱ በኩል ታጠፍኩ። እውነትም ያሳጥራል። ሐኪም ለማያምን ሰው መንገዱን ጠንቅቀው ማወቃቸው ገርሞኝ ነበር፤ ግን የማያውቁት ምን አለና ብዬ ተውኩት።

የእንስሳት ሐኪሟ አጭር፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ ሴት ናት። ዳማን የብረት ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ከጆሮዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች፤ ቀጭን መስታወት ላይ ቀብታ፣ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ አጉሊ መነጽሩ ሥር አደረገችው። ከዚያ "ኑ እዩት" አለችን።

ሐምራዊ ክቦች አየሁ። አንዳንዶቹ ክቦች ውስጥ የእንባ ጠብታ የሚመስሉ ጥንድ ጥንድ ነጥቦች አሉ።

"ክቦቹ ቀይ የደም ሴሎቿ ናቸው" አለች። "ውስጣቸው ያሉት ጥገኛ ተውሳኮች ናቸው፤ መዥገር ሲነክሳት የተወላት። ሴሉ ውስጥ ገብተው ይራባሉ፤ ሲበዙ አፈንድተውት ይወጣሉ። ሽንቷን ያጠቆረው የፈረሰው ደሟ ነው። ደን ዳር ከሚኖሩ ውሾች ላይ በየጊዜው አገኘዋለሁ።"

ጋሽ ሊቁም ጎንበስ ብለው አዩ። "እንዳልኩት ነው" አሉ። ምን እንዳሉ ግን አላስታወሱንም።

"ነጭ ሽንኩርት ሰጥታችኋት ነበር እንዴ?" ጠየቀች ሐኪሟ።

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጋሽ ሊቁን አየሁ። ጋሽ ሊቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የድመት ሥዕል ማየት ጀመሩ።

"ለመዥገር ምኑም አይደለም፤ የውሻን ደም ግን ይጎዳል" አለች ሐኪሟ። "ተውሳኩን የሚገድለውን መርፌ አሁን እወጋታለሁ። ችግሩ ደሟ በጣም ወርዷል። መድኃኒቱ እስኪሠራ ላትቆይ ትችላለች። ደም የሚሰጣት ትልቅ፣ ጤነኛ ውሻ ዛሬውኑ ያስፈልገናል።"

የሰፈሩን ውሾች በሐሳቤ ቆጠርኳቸው። ሁሉም ጉትቻቸውን አንጠልጥለዋል። መዥገር የማይወጣው ጤነኛ ውሻ ከየት ይመጣል? ዳማ ጠረጴዛው ላይ ዓይኗን ከደነች። ባለቤቴ እጇን የዳማ ሆድ ላይ ጭና ትንፋሿን ታዳምጣለች።

ሐኪሟ ወደ ጋሽ ሊቁ ዞረች። "ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ? ሻለቃን ያምጡት እንጂ! ባለፈው ስመረምረው ደሙ ንጹሕ ነበር።"

ሻለቃ የጋሽ ሊቁ ውሻ ነው፤ ጥጃ የሚያክል፣ በሰፈሩ ውስጥ ከባለቤቱ ቀጥሎ የሚፈራ።

"ባለፈው?" አልኩ።

"ባለፈው" አለች ሐኪሟ፣ የእሳት ክብሪት መጫሯን ሳታውቅ። "የመዥገር ክኒኑን አላቋረጡበትም አይደል ጋሼ? ኧረ እሳቸው አያቋርጡም። የወር የወሩን ይዘውት ይመጣሉ። ደንበኞቼ ሁሉ እንደሳቸው በሆኑ!"

ቂጡ የቆሰለ ውሻ እንደ ልቡ አይጮህም ይላሉ። ጋሽ ሊቁ ድመቷን ትተው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። እኔ ለዳማ ሽንኩርት ስልጥ፣ ስከትፍ፣ ዓይኔ ሲያለቅስ እሳቸው ለካ በዳቦ ቤቱ በኩል እየታጠፉ ክኒን ያመላልሱ ኖሯል! አፌን ስከፍት ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"መጀመሪያ ውሻውን ያምጡ" አለች። "ጠቡ ይደርሳል።"

ከጋሽ ሊቁ ጋር ሄደን ሻለቃን ይዘን ተመለስን። ሐኪሟ የሁለቱን ደም አቀላቅላ መስማማቱን አየች፤ ሻለቃን እንዲረጋ የሚያደርግ መርፌ ሰጠችው፤ አንገቱን ላጨችው። ጋሽ ሊቁ ትልቁን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው አቅፈው ጉንጫቸውን ጆሮው ላይ አደረጉ። ስለ መርፌ አላስተማሩም። ስለ ደም አላስተማሩም። ሐኪሟ "እንዳይነቃነቅ ጋሼ" ስትላቸው "እሺ" አሉ። "እሺ" የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አነጋገሩን ግን ችለውበታል። የደም ከረጢቱ እስኪሞላ ጭንቅላቱን አለቀቁትም።

የሻለቃ ደም በቀጭኗ ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ዳማ ሲገባ እኔና ጋሽ ሊቁ ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሻለቃ እግራችን ሥር ተጋድሟል።

"ለምን ጋሼ?" አልኳቸው።

"ከሻለቃ በፊት አንዲት ውሻ ነበረችኝ" አሉ። "የሟች ባለቤቴ ነበረች፤ ለእኔ ነው ትታት የሄደችው። ነጭ ሽንኩርቱንም፣ የተቃጠለ ዘይት መቀባቱንም፣ ሁሉንም አደረግኩላት። እዚህ ያመጣኋት ከመሸ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሞተችው።"

"ታዲያ ያንን አይነግሩንም?"

"ስንት ሰው ፊት የማልኩበትን ነገር በምን አፌ ልመልሰው? ሊፍት ወደ ታች ሲወርድ የሚያጨበጭብለት የለም ልጄ።"

"ውሾቹ ግን እየሞቱ ነው ጋሼ። የልብስ ሰፊዋስ?"

ለዚህ ተረት አላመጡም። ጎንበስ ብለው የሻለቃን የተላጨ አንገት በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። "አውቃለሁ" አሉ። ይህን ቃል በቀን ስንቴ እንደሚሉት የሚቆጥረው ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን ከብዷቸው ነው የወጣው። እኔም ያዘጋጀሁትን ስድብ መልሼ ዋጥኩት።

ሐኪሟ በሩን ከፍታ ጠራችን። የዳማ ድድ ሮዝ ሮዝ ማለት ጀምሯል። ባለቤቴን እየላሰቻት ነበር፤ ባለቤቴም እያለቀሰች ትስቃለች።

ጋሽ ሊቁ ይቅርታ ይጠይቃሉ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይህን ዓይነት ሰው አያውቅም ማለት ነው። በማግስቱ ከቤት ቤት እየዞሩ በር ሲደበድቡ ሰማሁ።

"ነጭ ሽንኩርት ለድስት ነው! ለውሻ መርዝ ነው! እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ማን ይሰማኛል!"

"ኧረ ጋሼ፣ ለእኔ ሽንኩርቱን ያዘዙልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለቻቸው ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ሊቁ ዝግ ብለው። ከዚያ ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ለዚህ ነው አሁን በሽታውን ከማንም በላይ የማውቀው!" አሉ። ለሌሎቹ ሁሉ ግን "ተሳስተህ ሰምተህ ነው፣ ተሳስተሽ ሰምተሽ ነው" እያሉ አለፉ።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩን ውሾች ከነባለቤቶቻቸው አሰልፈው ሐኪሟ ጋ አደረሷቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ ላይ ተውሳኩ ተገኘ፤ ገና ሳይደክሙ መርፌያቸውን አገኙ። ጋሽ ሊቁ አጉሊ መነጽሩ አጠገብ ቆመው ለሚመጣው ሁሉ ያስረዳሉ፤ "ቀይ ሴል ማለት ሊፍት ነው። አየር ጭኖ ይወጣል፣ ይወርዳል። ተውሳኩ ማለት ደግሞ ተሳፍሮ ሲያበቃ ሊፍቱን የሚያፈነዳ ባለጌ ነው።" ሐኪሟ ልታስወጣቸው ሞክራ ነበር፤ አልቻለችም። አሁን ነጭ ጋዋን ሰጥታቸዋለች፤ ቢያንስ ልብሳቸው ንጹሕ ይሁን ብላ ነው አሉ። ጋዋኑን ለብሰው ገበያ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ።

ሰሞኑን ሻለቃን ይዘው ሌላ ከተማ ያለች ልጃቸው ጋ ሄደዋል። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አምፖል ስቀይር የሚመራኝ የለም። መኪናዬን ሳቆም ከመስኮት "ግራ! ግራ!" የሚለኝ የለም። ትናንት ከቀትር በኋላ ጓሮ ተቀምጬ የዳማን ጆሮ ስፈትሽ፣ የጣቶቿን መሃል ስገልጥ፣ ማንም መጥቶ "እንደሱ አይደለም" አላለኝም። ዳማ አስነጠሳት። አንዴ ብቻ።

"ምንም አልሆነችም" አለች ባለቤቴ ከመስኮት።

ምንም እንዳልሆነች እኔም አውቃለሁ። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ።

"ሊቁ ነኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ ዳማ አስነጠሳት።"

"ስልኩን አፍንጫዋ ላይ አድርገው" አሉ ቆፍጠን ብለው። "ሰው እንዳይናገር!"

አደረግኩት። ባለቤቴ መስኮቱ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ዳማ ስልኩን አሽትታ ከዳር እስከ ዳር ላሰችው።

"ደህና ናት" አሉ ጋሽ ሊቁ ከዚያ ማዶ፣ ምርመራቸውን ጨርሰው። "አንተ ግን አያያዝህ ልክ አይደለም።"

አያያዜን አስተካከልኩ።