በሁዳዴ የተቀቀለ አጥንት

ጾም ሲገባ የአበሻ ምላስ እረፍት ይወጣል፤ አፍንጫው ግን ኦቨርታይም ይገባል። በፍስክ ሰሞን አጠገባችን በሬ ቢጠበስ ቀና የማንል ሰዎች፣ ሁዳዴ በገባ ማግስት እዚህ በስደት በምንኖርበት በፓራዳይዝ ሰፈር አፓርታማዎች መካከል ስናልፍ በየትኛው ቤት ምን እንደተጣደ በር ሳናንኳኳ እንናገራለን። መቼም ታውቁታላችሁ። እኔን ዘንድሮ የገጠመኝ ግን ከዚህ ይብሳል። ሽታው የሚወጣው ከራሴ ቤት ነበር።

ግድግዳ የምንጋራቸው ወይዘሮ ሃን የሚባሉ ኮሪያዊት አሮጊት አሉ። ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረው ሠርተዋል። ኋላ ታመሙና ሥራ አቆሙ። ሕክምናው ሕመሙን ሲያባርር የአፋቸውን ጣዕምም አብሮ አባረረው፤ የሚቀርብላቸውን ሁሉ "ካርቶን ካርቶን ይለኛል" እያሉ መመለስ ጀመሩ። ሰውነታቸው ከሳ። ሐኪማቸውም ክብደትዎ በዚሁ ከቀነሰ ሕክምናውን ለማቋረጥ እገደዳለሁ ብሎ ቁርጡን ነገራቸው።

"እማማ ሃን፣ ምን ቢሠራልዎት ይበላሉ?" አለቻቸው ሰናይት አንድ ቀን።

"የአጥንት ሾርባ። ግን ድስቱን የሚያነሳ ክንድ የለኝም።"

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። የኤርፖርት ሻትል የምነዳው ማታ ማታ ስለሆነ ቀን ቤት ነኝ። አጥንት መቀቀል ለእኔ ነው የሚነገረው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ቅቅል ያሳደገኝ ሰው ነኝ እኮ!

በማግስቱ ወይዘሮ ሃን ወጥ ቤታችን መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡና ያዝዙኝ ጀመር። አጥንቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ደሙን አስወጣሁ። ጣድኩት። ገና ከመፍላቱ "ድፋው" አሉ።

"መረቁን?"

"ቆሻሻውን።"

ደፋሁ። ድስቱንም አጥንቱንም አጥቤ እንደገና ጣድኩ። እጄ ሳላስበው ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። "ተው!" ወደ ዝንጅብሉ ዞረ። "ተው አልኩህ!" ለካስ ውኃና አጥንት ብቻ ነው፤ እንደ ወተት እስኪነጣ ድረስ ሲንተከተክ ይውላል። እሳቸው ደከማቸውና ጋደም ሊሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ውኃ እየጨመርኩ ቀረሁ። ፎቅ ላይ የሚኖር የአገሬ ልጅ በደጃችን ሲያልፍ ቆም ብሎ አሸተተ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው አጥሯል።

ከሰዓት በኋላ ሾርባው ነጣ። ግን ማን ይቅመሰው? እኔ ጾመኛ፣ የሾርባው ባለቤት እማማ ሃን አፋቸው ጣዕም የማይለይ። ሰናይት ከሺፍት ስትመለስ ክዳኑን ከፍታ ንጣቱን አደነቀች፤ እጇም እንደ ልማዱ ጨው ዘገነና በተን አደረገ። አየኋት። ሾርባ ያለ ጨው አይሆንም ብዬ አልከለከልኳትም።

ይዘንላቸው ገባን። አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ማነው ድስቱ ውስጥ ጨው የጨመረው?"

እኔና ሰናይት ተያየን።

"ጨው የሚጨምረው በላተኛው ነው፣ በየሳህኑ! ይሄን የማያውቅ ሰው እንዴት ድስት ይጥዳል?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለች ሰናይት ቀስ ብላ። "ግን ጨው መሆኑን እንዴት አወቁ?"

ሳህኑን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ሁለተኛ ማንኪያ ወሰዱ፤ ደገሙ። መረቁ አሁንም ካርቶን ነው አሉ፤ ጨው ብቻ ነው የመጣው። አላለቀሱም። እያንዳንዱን ጉርሻ በስድብ እያወራረዱ ሳህኑን ባዶ አደረጉና በሉ አሁን እንደ ሰው ደግማችሁ ሥሩ ብለው አሰናበቱን።

ደጃችን ላይ ስንደርስ ሰናይት ቁልፉን እየፈለገች፣ "በጣም ተቆጥተዋል አይደል?" አለችኝ።

"በጣም።"

"ተመስገን" አለች።