የዘይነባ የስልክ ሐኪም

«ደህና» ማለት ሕመም የሌለበት ሰው ማለት አይደለም። ተጠያቂው እስትንፋስ እስካለው ድረስ ለጠያቂው የሚመልሰው ቃል ነው። በእኛ በወሎ ሰው እግሩ ተሰብሮ እንኳ ቢጠየቅ መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ስብራቱ የሚነሳው ከሰላምታው በኋላ ነው፣ ከተነሳ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሕዝብ በስልክ የሚያክም ሐኪም አስቡት።

ደሴ አስተማሪ የነበርኩት ሰው፣ ሳዑዲ ውስጥ ደማም ከተማ፣ አል ሻጢእ ሰፈር የአንድ ቤት ሹፌር ነበርኩ። የቤቱ ሠራተኛ ዘይነባ እግሯ አብጦ «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ እያለች ደረጃ ስትወጣ ሳይ፣ ደሴ ሐኪም ከሆነው የቀድሞ ተማሪዬ ጋር በኢሞ አገናኘኋት።

«ዘይነባ፣ ምን ያምሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ ዶክተር! እርስዎስ ደህና ነዎት? ልጆቹስ?»

ሐኪሙ ተመርምሮ ስልኩ ይዘጋል።

ልጁ ግን ታጋሽ ነው። በየጁምዓው እየደወለ ስለ እናቷ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ ሲያወራት ከረመና አንድ ቀን «ለመሆኑ ማዳምሽ ስለ አንቺ ምን ትላለች?» አላት። በራስ ላይ ማማረር ነውር ነው፤ የሰው ወሬ ማድረስ ግን ምን ነውር አለው?

«ምን የማትለው አለ! እግርሽ ትራስ አከለ ትላለች። ደረጃው መሐል ምን ይገትርሻል ትላለች። ዓይንሽን ይጋርድሻል ወይ ትላለች።»

«ይጋርድሻል?»

«ወላሂ፣ ይጋርደኛል።»

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቷም ወጣ፦ በሽተኛ መሆኗ ከታወቀ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ተመትቶላት አገሯ መመለሷ፣ እሷ የምታስተምራት ታናሽ እህቷም ከትምህርት መቅረቷ።

ከፋርማሲ በገዛሁላት መለኪያ የደም ግፊቷን ለክታ ቁጥሩን በላከችለት ዕለት፣ ዶክተሩ ወዲያው ደወለ። ማዳምን ይዘን በመኪና እዚያው ደማም ወዳለው አል አዳማ ገበያ እየሄድን ነበር፤ የስልኩ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። እሱ አረብኛ፣ ማዳም አማርኛ አይችሉም።

«ለማዳምሽ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ካልሄደች ለሕይወቷ ያሰጋል በያት። እህቴ፣ አንድ ቃል እንዳትቀንሺ።»

ዘይነባ ወደ ማዳም ዞራ በአረብኛ ተረጎመች፦ «ደህና ነች ይላል። ሰላምታም አቅርቦልሻል።» ስልኩንም ዘጋች።

በመስታወቱ ተያየን። «ጋሼ፣ በአላህ» አለችኝ ቀስ ብላ። መሪውን አዞርኩ።

«ወዴት ነው?» አለች ማዳም።

ዶክተሩ ያለውን፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ነገርኳት። ማዳም ዘይነባን ለረጅም ጊዜ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ ምን ታዘግማለህ? ያላ!»

ግፊቷ በመድኃኒት ወረደ፤ ኹሩጅም አልመጣ። ዶክተሩ፣ ማዳምን በጥሩ አረብኛ ስላሳመነችለት፣ ዘይነባን እስከ ዛሬ ያመሰግናታል።